ፍሬን ሠሪዎቹ ለቅሶ ደረሱ

በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ ከእንቅልፉ የነቃ ወጣት ሁሉ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት መሻሻል ነበረበት። አልጋው ላይ ቁጭ ይልና እጁ ላይ ወደታሰረችው አምባር አፉን አስጠግቶ ዛሬ ከትናንት በምን እንደሚሻል ይናገራል። "ዛሬ በራስ መተማመኔ ጨምሯል።" "ዛሬ ቁጣዬን ተቆጣጥሬያለሁ።" "ዛሬ ራእይ አለኝ።" አንዳንዱ ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ እንደተጠቀለለ ይሻሻልና ተመልሶ ይተኛል። ሰው በየቀኑ ሲሻሻል ኖሮ መጨረሻው የት እንደሚደርስ የሚጠይቅ አልነበረም።

መሻሻሉን የምትቀበለው ሚዛን ናት። ሚዛን ድምፅ ናት፤ በየበጎ አድራጎት ማኅበሩ ግድግዳ ላይ ደግሞ አንዳንድ ዓይን አላት። ከዓይኗ በታች ማኅበሩ ወጣቶችን ምን ያህል እንደለወጠ የምታሳይ አረንጓዴ መስመር አለች። ሽማግሌዎች ሲያወሩ፣ ድሮ ለጋሾች ለእያንዳንዱ ስልጠና ሪፖርት ይጠይቁ ነበር ይላሉ። ከዚያ ሪፖርቱ ረዘመ፣ ፎቶ ተጨመረበት፣ ቪዲዮ ተጨመረበት፣ በየወሩ የነበረው በየቀኑ፣ በየቀኑ የነበረው በየሰዓቱ ሆነ፤ ሰው መጻፉ ሲያቅተው ሚዛን መጣች። ጨዋ ናት፤ ክፉ ቃል አይወጣትም። ሕፃኑንም ሽማግሌውንም "እርስዎ" ትላለች። የከተማው ሰው "እትዬ ሚዛን" እያለ ያማታል፣ እሷ በሌለችበት ማለት ነው፣ እንዲህ ያለ ቦታ ከተገኘ።

ሐያት እንድሪስ "ቁልቁለት" የሚባለው የወጣቶች ማኅበር አስተባባሪ ነበረች። የእሷ መሻሻል አይጠየቅም፤ በሚዛን ቋንቋ እሷ "ረጂ" ናት፣ ልጆቹ "ተጠቃሚ"። የእነሱ መሻሻል ግን በየጠዋቱ ጆሮዋ ላይ በምትሰካት ማዳመጫ ይፈስላታል፣ እሷም ሻይዋን እየጠጣች የጎደለውን ትቀሰቅሳለች። "ሙሳ፣ ተነስ እንጂ፣ ገና አልተሻሻልክም!" ብላ መጮህ ለምዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ያስቃት ነበር።

ቁልቁለት የሚሠራው ተሽከርካሪ ወንበር ነው። ሌላ አገር ተሽከርካሪ ወንበር ሰውን ወደሚፈልግበት ቦታ ይወስዳል። ደሴ ላይ ግን ትልቁ ሥራ ወንበሩ ሰውን ወደማይፈልግበት ቦታ እንዳይወስደው ማድረግ ነው። ከቧንቧ ውሃ ሠፈር ወደ ፒያሳ የሚወርደውን መንገድ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በዚያ ላይ ጉሙ አለ፣ ዝናቡ አለ፣ የሚያንሸራትተው ድንጋይ አለ። ስለዚህ የማኅበሩ ልጆች ከሁሉ በላይ የሚጠበቡት በፍሬን ነው፣ ከእነሱም በፍሬን የሚበልጣት የለም የምትባለው ዘምዘም ናት።

ዘምዘም ሃያ ዓመቷ ነው። እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዙላትም። ወደ ማኅበሩ ስትመጣ ሰውን ቀና ብላ የማታይ ልጅ ነበረች፤ አሁን ብየዳው ላይ ሆና ወንዶቹን እንደ ሹም ታዛለች፣ ትሳደባለች፣ ከዚያ ሁሉንም ታስቃለች። ሐያት እንደ ታናሽ እህቷ ትወዳታለች። እንደ እህትም ሲጨቃጨቁ ይውላሉ።

ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊት፣ "ለስላሳ" የሚባል ሌላ የወጣቶች ማኅበር ነበር። ለስላሳ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ትራስ ይሰፋል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው መቀመጫው ከደረቀበት ገላው ይቆስላል፣ ቁስሉም በቀላሉ አይድንም። እንግዲህ አንዱ ቤት ወንበር ይሠራል፣ ሌላው ቤት ትራስ ይሠራል፣ በመካከላቸው አንዲት ጠባብ መንገድ አለች። ጤነኛ ሰው ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ ይታወቃል።

ሚዛን ግን ሕግ ነበራት፤ አንድ ለውጥ፣ አንድ ባለቤት። በአንድ ሰው ላይ የሁለት ማኅበር እጅ ካየች "ድግግሞሽ አስተውያለሁ" ትላለች፣ ሰውየው ከተመዘገበበት ማኅበር መስመር ላይም ትቀንሳለች። ስለዚህ የቁልቁለት ወንበሮች ባዶ ጣውላቸውን ይወጣሉ፣ የለስላሳ ትራሶች ከሌላ ቦታ ወንበር ላላቸው ሰዎች ይሄዳሉ። ሁለቱንም የሚፈልግ ደንበኛ ትራሱን ጋቢው ውስጥ ደብቆ፣ ሆዱ አብጦ፣ በዓይኗ ፊት እያሳለ ያልፋል። ክረምት ላይ የሠፈሩ ሰው ሁሉ በአንዴ ሲወፍር ሚዛን አንድ ቀን እንኳ አልገረማትም።

የለስላሳ አስተባባሪ ኤልዳና ትባላለች። ከሐያት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው የተማሩ ናቸው፤ አንድ ዳቦ ቆርሰው የበሉ፣ የአንዷን ሹራብ ሌላዋ የለበሰች። ማኅበራቱ ከቆሙ በኋላ ሰላምታቸው እያደር ወደ ጭንቅላት መነቅነቅ ወረደ፣ በመጨረሻም ያም ቀረ። የተጣሉበት ነገር የለም። የሚዛን ዓይን እያየች አብረው ሲስቁ ቢገኙ ነገ ጠዋት "በመካከላችሁ ቅንጅት አለ ወይ?" ተብለው እንደሚጠየቁ ስለሚያውቁ ነው፣ ፈርተው ነው። ሐያት ይህን ስታስብ ራሷን ትታዘባለች።

በዚያ ክረምት መውጫ ላይ ነገሩ ከፋ። በአንድ መንደር ተቀራራቢ ሥራ ያላቸው ሁለት ማኅበራት ካሉ ሚዛን በየወቅቱ መጨረሻ ዝቅ ያለውን ትዘጋለች። የተዘጋው ማኅበር ልጆች ቦታ ወዳለበት ከተማ ይመደባሉ። ሚዛን ይህን "ማጣጣም" ትለዋለች። የሁለቱ ማኅበራት መስመር ደግሞ ዘንድሮ እኩል ለእኩል ነበር። ፍርዱ ሐሙስ ቀትር ላይ ነው። ቁልቁለት ከተዘጋ ዘምዘም የምትሄድበት ከተማም አስቀድሞ ተነግሯታል።

"ሎጊያ ለእርስዎ እጅግ ተስማሚ ነው" አለቻት ሚዛን፣ በለዘበ ድምፅዋ። "ሜዳ ነው።"

"ሜዳ ላይ ፍሬን ሠሪ ምን ይሠራል?" አለች ዘምዘም።

"አዲስ ክህሎት የመማር ዕድል ያገኛሉ።"

ዘምዘም ከት ብላ ሳቀች። ምሳዋን ግን ሳትነካው ዋለች፣ ሐያትም ሳህኑን አየች። ልጅቷን እዚህ ለማቆየት የማታደርገው ነገር እንደሌለ ያን ቀን ለራሷ ተናገረች።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ የቅሬ ጥሩምባ ተነፋ። ሚዛን ከመጣች በኋላ በወሎ ሳይለወጥ የቀረ ነገር ቢኖር፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት ክርስቲያኑም እስላሙም ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ ድንኳን ይተክላል፣ ውሃ ይቀዳል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ ከሐዘንተኛ ጋር ያድራል። አንድ ጊዜ ወረዳው ቅሬዎችን ሚዛን ጋ ሊያስመዘግብ ሞክሮ ነበር። ሚዛን አልተቀበለችም። "ረጂውን ከተረጂው መለየት አልቻልኩም" ነበር ያለችው።

ሐያት ነጠላዋን እያጣፋች ወደ በሩ ስትሮጥ ጆሮዋ ውስጥ ድምፁ መጣ።

"እንደምን አደሩ፣ ወይዘሪት ሐያት። የለስላሳ አስተባባሪ እናት ማረፋቸውን ተረድቻለሁ። በሐዘን ምክንያት ለስላሳ ለሐሙስ የተጠበቀበትን ትራስ ማድረስ አይችልም። የእርስዎ ማኅበር የመቆየት ዕድል ከፍ ብሏል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።"

ሐያት በሩን ይዛ ቆመች። መጀመሪያ የተሰማት ነገር ሐዘን አልነበረም። እፎይታ ነበር፤ ትልቅ፣ ሞቅ ያለ እፎይታ። ዘምዘም አትሄድም ማለት ነው። ከዚያ የኤልዳናን እናት፣ እትዬ አልጋነሽን፣ በልጅነታቸው ከዝናብ ሲገቡ የሁለቱን ፀጉር በቀሚሳቸው ጫፍ የሚያደርቁላቸውን ሴትዮ አስታወሰችና ፊቷ ጋለባት። በሰው እናት ሞት ደስ ያላት የመጀመሪያ ቀኗ ነበር። አፈረች፣ እያፈረችም እፎይታው አልለቀቃትም።

ድንኳኑ ሲተከል መንገዱን ሞላው። ጋሽ ይማም፣ የቅሬው ዳኛ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ሥራ ያከፋፍላሉ። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ቁጣቸውም ቀልዳቸውም በአንድ ድምፅ ስለሚወጣ ሰው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

"ቁፋሮው የላይ ሠፈር ልጆች ነው። ውሃ እናንተ። ተፈሪ፣ አንተ ወንበር ተሸከም፤ ባለፈው እንዳደረግኸው ተቀምጠህበት እንዳላገኝህ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሐዘንተኛ ሦስት ቀን ሥራ አይነካም። ኤልዳናም የማኅበሯ ልጆችም ሐዘንተኛ ናቸውና አይነኩም። ለክሊኒኩ የሚደርስ ትራስ ጀምራለች አሉ። የሐዘንተኛ ሥራ እንዳይበላሽ የሚይዘው ቅሬው ነው። ማን ይያዘው?"

የሐሙሱን ነገር የማያውቅ አልነበረም። አንዳንዱ ሐያትን አየ፣ አብዛኛው ላለማየት መሬት መሬቱን አየ።

"እኛ" አለ አንድ ድምፅ። ዘምዘም ነበረች።

ሐያት ወደ ዎርክሾፑ እስኪገቡ መታገሥ አልቻለችም። ገና በሩን አልፋ ሳትጨርስ ዞራ ጮኸች። "አብደሻል? ትራሱ ከደረሰ ማን እንደሚዘጋ ታውቂያለሽ? ሎጊያ አማረሽ?"

"አላማረኝም።"

"ታዲያ?"

"ፈርቻለሁ፣ ሐዩ። ሌሊት ሌሊት ስለ ሎጊያ አስባለሁ፤ ሰው አላውቅም፣ ማን ያነሳኛል፣ ማን ያስቀምጠኛል እላለሁ።" ዘምዘም የወንበሯን ፍሬን ቀጭ አድርጋ ቆለፈችው፤ ስትበሳጭ እንዲህ ታደርጋለች። "ግን እናቷ ሞታለች። በእናቷ ሞት ቤቴን አላተርፍም። አንቺ የምትችይ ከሆነ ቅሪ።"

ሐያት ቀና ስትል የሚዛን ዓይን ከግድግዳው ላይ ታያቸዋለች። ቁልቁለት ያን ቀን ሥራ እንዳቆመ ለማሳየት መስመሩ መውረድ ጀምሮ ነበር። ሐያት የበሩን መጋረጃ ሳበችና ከልጆቿ ጋር መንገዱን ተሻገረች። ማዶ ወዳለው ቤት ከገባች ዓመታት አልፈው ነበር።

የብየዳ ልጆች መርፌ ሲይዙ ማየት የሚያስቅ ነገር ነው። ሙሳ ስፖንጁን በመጋዝ ቆረጠው። አንደኛው ልጅ ሸራውን ለመወጠር ሁለት ጉጠት አመጣ፣ ሌላው የስፌት መኪናውን ፔዳል እንደ መኪና ነዳጅ ረግጦት ክሩን በጠሰው። የለስላሳ ልጃገረዶች በግድግዳው ጥግ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ዓይናቸው አብጦ ተቀምጠዋል። ለሐዘንተኛ ሥራ መንካት ክልክል ነው። መናገር ግን አልተከለከለም።

"ግራ! በግራ በኩል አልኩህ እኮ!" አለች ሱመያ የምትባለው፣ እንባዋን እየጠረገች። "ውይ፣ ጨርቅ ነው እንጂ ብረት አይደለም፣ ቀስ!"

"እንደዚህ ነው?"

"እንደሱ ከሰፋኸው የሚቀመጥበት ሰው ቢሞት ይሻለዋል።"

ከዚያ ምን እንዳለች ገባትና አፏን በእጇ ያዘች። አንዷ ግን ፈነዳች፣ ሁሉም ሳቁ፣ ሳቁም ወደ ለቅሶ ተለወጠ፣ ለቅሶው እንደገና ወደ ሳቅ። ሐያት ይህን ሥራ ከጀመረች ወዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ሰው በእውነት ሲስቅ ሰምታ አታውቅም። በአምባሩ በኩል ማንም ሰው ይህን ሳቅ እንደ ለውጥ አላስመዘገበውም። የለስላሳ ዓይንም ትራስ ትቆጥራለች እንጂ የማን እጅ እንደሰፋው አትለይም፤ በሷ ቤት የሚሠራው ሁሉ የሷ ነው። በሐዘኑ ምክንያት ማክሰኞ ጠዋት ወርዳ የነበረችው መስመሯ በዝግታ ወጣች። የማዶዋ በዝግታ ወረደች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የክሊኒኩ ሥራ ተጠናቀቀ። መልኩ አያምርም፣ ግን ይቀመጡበታል። ሁለቱ መስመሮች ያን ሰዓት እኩል ነበሩ፤ በሐያት ልብ ውስጥ አሁንም ትንሽ ተስፋ ቀርቶ ነበር፣ እኩል ከሆኑ ምናልባት ሚዛን ፍርዱን ታራዝመዋለች የሚል።

ያኔ ሱመያ ተነሳች። ከጓዳ ገብታ በአሮጌ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ዘምዘም ፊት ቆመች፤ ድፍረቷ ግን እዚያው አለቀባት።

"ምንድን ነው?" አለች ዘምዘም።

"ያንቺ ነው።"

ፎጣውን ገለጠችው። ሰማያዊ ትራስ ነው፤ በስተቀኝ በኩል ወፈር ያለ፣ በስተኋላ ገባ ያለ። እንዲህ ያለ ቅርጽ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚሰፋው።

"ወደ ቀኝ ታጋድያለሽ" አለች ሱመያ ቀስ ብላ። "ከመስኮቱ እናይሻለን። ከሰዓት በኋላ ሲያምሽ ብረቱን ይዘሽ ትንሽ ቀና ትያለሽ። ሰፍተን ፈታን፣ ሰፍተን ፈታን። ኤልዳና ናት ልኩን ያገኘችው። ልንሰጥሽ ግን... ታውቂዋለሽ።"

ዓመታት ሙሉ የዘምዘም የራሷ ወንበር ባዶ ጣውላ ነበር። ሰው ሲጠይቃት "ለምጄዋለሁ" ትላለች፣ ሐያትም ሌላ ምርጫ ስላልነበራት ታምናታለች። አሁን ትራሱን በጭኗ ላይ አድርጋ በእጇ ስትዳስሰው የሐያት ልብ ተሰበረ። በየቀኑ አጠገቧ የዋለች እሷ ሆና ሳለ ማጋደሏን ያዩት ከመንገድ ማዶ ያሉት ናቸው።

ከግድግዳው ላይ ድምፅ መጣ። "የቁልቁለት ተጠቃሚ የለስላሳን ምርት ይዘው አይቻለሁ። መጠቀም ከጀመሩ ድግግሞሽ ሆኖ ይመዘገባል። ወይዘሪት ሐያት፣ እንዲመልሱት ሊነግሯቸው ይፈልጋሉ?"

ዘምዘም ቀና ብላ ሐያትን አየቻት። እንዲህ ያለ የልጅ ዓይን ሐያት ከዚያች ልጅ አይታ አታውቅም፤ ስጪኝም ከልክይኝም አይልም፣ ብቻ ይጠብቃል። ትራሱን ብትመልስ መስመሮቹ እኩል ይሆናሉ። ካልመለሰች ቁልቁለት ያልቃል፣ ዘምዘምም ትሄዳለች። ሐያት ልጅቷን ለማቆየት ስትል ስንት ጊዜ ደረቅ ጣውላ ላይ እንዳስቀመጠቻት አሰበች።

"ሙሳ፣ ና ያዝልኝ" አለች። "ከፍ እናድርጋት።"

በሁለት በኩል ደግፈው አነሷት፣ ሱመያ ትራሱን ከሥሯ አስገባች፣ ቀስ ብለው አስቀመጧት። ዘምዘም ዓይኗን ጨፈነች። ትከሻዋ ወረደ፣ መላ ገላዋ ዝግ ብሎ ረገበ።

"ያ ረቢ" አለች ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ። "እንዲህ ነበር ለካ።"

ሐያት ፊቷን አዞረች። ሚዛን "ተመዝግቧል፣ አመሰግናለሁ" አለች።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ነበር። ሰልስት ነው። ኤልዳና ፍራሽ ላይ ጥቁር ለብሳ፣ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ተቀምጣለች። ፍርዱ በሁሉም ሰው አምባር ላይ በአንድ ጊዜ መጣ።

"ለስላሳ የወጣቶች ማኅበር፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ቁልቁለት የወጣቶች ማኅበር፣ ለአገልግሎታችሁ እናመሰግናለን። ዎርክሾፑ ዛሬ ይታሸጋል። ተመዳቢዎች ነገ ጠዋት መናኸሪያ ይገኙ።"

ኤልዳና ቀና አለች። ያልገባት ነገር ነበር። "እኛ ምን ሠርተን?" አለች በተዘጋ ድምፅ። "እኛ እኮ ማክሰኞ ነው ያቆምነው። ማን ሠራው?"

ጋሽ ይማም በከዘራቸው ወደ ሐያት ጠቆሙ። "እነሱ። እጃቸው በመርፌ ተበሳስቶ አይተሽ ቢሆን ኖሮ ሐዘንሽን ትረሺ ነበር።"

ኤልዳና ሐያትን አየቻት። ከዚያ ከሐያት አጠገብ ዘምዘምን፣ ከዘምዘም በታች ሰማያዊውን ትራስ አየች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሐያት ተነሥታ ወደ ፍራሹ ሄደችና አጠገቧ ተቀመጠች፤ እጇን ያዘቻት። የእትዬ አልጋነሽን ነገር ሊያወሩ ይገባቸው ነበር፣ አልቻሉም፤ ተቃቅፈው ተንሰቀሰቁ። ያ ሁሉ ዓመት ሳይጨባበጡ ያለፉት ሰላምታ ሁሉ አብሮ ወጣ።

ኤልዳና ፊቷን ጠርጋ አምባሯን ወደ አፏ አስጠጋች። "ሚዛን፣ የእኛንም ዝጊው።"

"ይቅርታ፣ ለስላሳ አሸንፏል።"

"ዝጊው አልኩሽ። አስተባባሪ በፈቃዱ ማኅበሩን መዝጋት ይችላል፣ ሕግሽ ላይ አለ።"

"ይቻላል። ልጆቹ ግን ይመደባሉ፤ በተጠቃሚነት የተመዘገበ ወጣት ያለ ማኅበር ሊቆይ አይችልም።"

"ያልተመዘገበስ?" አለች ዘምዘም ከወዲያ ጥግ።

"ያልተመዘገበ ወጣት አይመደብም። ነገር ግን ማረፊያ፣ ምግብና የሥራ መሣሪያ አያገኝም። ስምዎ ከተሰረዘ እንደማይመለስ ተረድተዋል?"

"ሰርዢው።"

"ለሪፖርቱ ምክንያትዎን ሊነግሩን ይችላሉ?"

"ሜዳ አልወድም።"

አምባሯ ጠቅ ብላ ተከፈተች። ዘምዘም አወለቀቻትና የት እንደምታደርጋት ግራ ገብቷት ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ቀጥላ ሱመያ አወለቀች፣ ከዚያ ሙሳ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ሐያት ደስም አላት፣ ፈራችም። ነገ የሚበሉት ምንድን ነው? የት ይሠራሉ? እነዚህን ሁሉ ልጆች ገደል ይዛቸው ገብታ ይሆን?

ጋሽ ይማም ሐሳቧን ፊቷ ላይ ሳያነቡት አልቀሩም።

"ምን ሆናችኋል?" አሉ በቁጣ፣ ወይም በቀልድ። "እስከ ዛሬ ሙት ስንቀብር ኖረናል፤ በሕይወት ያለ ሰው ማገዝ ሊያቅተን ነው? በየቤታችን አንዳንድ ልጅ ማሳደር ለቅሬ አዲስ ነገር አይደለም። ወንበር የወሰደ፣ ትራስ የወሰደ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ የቅሬው አባል ነው፤ የሚችለው በመዋጮው፣ የማይችለው በእጁ ያግዛል። የማይመጣ ካለ እቀጣዋለሁ፣ እኔ ሚዛን አይደለሁም፣ አልለመንም።" ከዚያ ወደ ድንኳኑ ምሰሶ ዞሩና ገመዱን ሊፈታ የጀመረውን ሰው ተቆጡት። "አንተ ተፈሪ! ማን ንቀል አለህ? እዚህ ይሠሩበታል፣ ተወው!"

የሚያሽጉት ሰዎች ሳይደርሱ ቅሬው የሁለቱን ቤት ዕቃ በትከሻው አወጣው። ሬሳ በሚሸከሙበት ቃሬዛ ላይ የብየዳ ማሽን ተሸከሙ፣ የስፌት መኪናዎቹን በአራት በአራት ሰው ያዙ፣ ሴቶቹ ስፖንጁን በራሳቸው ላይ ጭነው መንገዱን ሞሉት። አምባር የሌለው እጁን ደጋግሞ የሚያይ ልጅ ነበር፣ የጎደለበት ነገር እንዳለ። ሐያትም አንድ ሁለት ጊዜ ጆሮዋን ነካች፤ ምንም ድምፅ አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ድንኳኑን ሸፍኖት ነበር። ኤልዳና ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ስፖንጅ ትለካለች። ሐያት ከጎኗ መቀስ ይዛ ትረዳታለች። ማን ረጂ ማን ተረጂ እንደሆነ የሚጠይቅ ስላልነበረ ሥራው እየፈጠነ ሄደ።

ከላይ በኩል የፍሬን ጩኸት ተሰማ፣ ከጉሙም ውስጥ ባርኔጣቸው የዘመመ አንድ ሽማግሌ በአሮጌ ተሽከርካሪ ወንበር እየተንደረደሩ ወጡ። ድንኳኑን ሲያዩ ደንግጠው ጎማውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደምንም ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ነፍስ ይማር፣ ልጆቼ" አሉ። "የማን ለቅሶ ነው?"

ሐያት ልትመልስላቸው ፈለገች። የእትዬ አልጋነሽ ነው ልትል አሰበች፣ ከዚያ የሁለት ማኅበር ነው ልትል አሰበች፣ ከዚያ የአሥር ዓመት ዝምታ ነው ብትላቸው ምን እንደሚሉ አሰበች። እንባዋ ቀድሟት ዱብ ዱብ አለ። ሽማግሌውም ሟቹ ማን እንደሆነ ባያውቁም አብረዋት አለቀሱ፣ "አይዞሽ፣ ሁላችንም ሂያጅ ነን" እያሉ፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ጨብጠው።

ኤልዳና ከኋላቸው መጥታ መቀመጫቸውን በስንዝሯ መለካት ጀምራለች። ዘምዘም ደግሞ ወንበሯን እያሽከረከረች መጣችና ሥራዋን ጀመረች፤ ጎንበስ ብላ የወንበራቸውን ጎማ አየች፣ የፍሬኑን ሽቦ በጣቷ ጎተተችው፣ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

"አባባ፣ ለቅሶው ትናንት አልቋል" አለቻቸው። "አሁን እግርዎን ያንሱልኝ፤ ይህ ፍሬን ሊገድልዎት ነው።"